በዓል የሚያከብረው ኮምፒውተር

ጥር አሥራ አራት ቀን፣ ረቡዕ፣ አርባኛው ስም ላይ ስንደርስ ሞኒተሩ ጥቁር ሆነ።

«ቀጥዪ እንጂ» አሉ ጋሽ ወልደ ጻድቅ፤ ዓይናቸውን ከመዝገቡ አላነሱም።

«ጠፍቷል።»

«ማን?»

«ኮምፒውተሩ።»

መዝገቡን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሳጥኑን በደህናው ዓይናቸው ተመለከቱት። «መብራቱ አለ እኮ» አሉ፣ ጣሪያው ላይ ወደተንጠለጠለው አምፖል በአገጫቸው እያመለከቱ።

እውነታቸውን ነበር። መብራት አልጠፋም። ኮምፒውተሩም ወዲያው ራሱ በራሱ ተነሥቶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀመረ። የጠፋው ስድስት ስም ብቻ ነው። ምንም አይደለም ብዬ ቀጠልኩ። ያን ቀን አራት ጊዜ ጠፋ።

ስሞቹ የጓሳ ስሞች ናቸው። ጓሳ የጋራ ሣር ነው፤ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት መዝገብ ላይ ያለ ሰው ገብቶ ያጭዳል፣ የሌለ አይገባም። ጎጆ የሚከደነው በዚያ ሣር ነው። ባለፈው ሲከፈት ከሦስት ሰው ኪስ ሦስት የማይመሳሰል በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ወጣና ሰው በዱላ ተፈላለጠ፤ አንድ ሰውዬ ክንዱ ተሰብሮ እስከ ዛሬ ቀጥ አይልለትም። ስለዚህ በሚሊኒየሙ ዓመት የሣር ኮሚቴው አዲስ ነገር ወሰነ። በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ዝርዝር ብቻ ይኖራል። ዘበኞቹ ማንንም እንዳያውቁ ከሌላ ቀበሌ ይመጣሉ። ስሙ ወረቀቱ ላይ የሌለ፣ የንጉሥ ልጅም ቢሆን ይመለሳል። ዝርዝሩ እስከ ጥር ሠላሳ ካልደረሰ ደግሞ ጓሳ ዘንድሮ አይከፈትም፤ ስድስት መቶ አሥራ ስምንት ቤት ክረምቱን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያሳልፋል።

ዝርዝሩን አደርሳለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አልለመነኝም። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅኩ ስድስት ወር ሆኖኝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ዳር እናትና አባቴ ቤት ተቀምጬ የሥራ ማስታወቂያ እጠብቅ ነበር። ኮምፒውተሩን የገጣጠምኩት ራሴ ነኝ። ማዘርቦርዱ ከመርካቶ፣ ኬዙ ከተጣለ የቢሮ ዕቃ፣ ማተሚያው ከአንድ ከተዘጋ ጽሕፈት ቤት የመጣ ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ተክለጻድቅ በስብሰባው ፊት «ይሄ ነገር ይሠራል?» ሲሉኝ «ይሠራል» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

መዝገቡ የጋሽ ወልደ ጻድቅ ነው። ሠላሳ ዓመት ይዘውታል። ጽሑፋቸውን ከእሳቸው በቀር የሚያነብ የለም፤ ግማሹ የተቆረጠ ቃል ነው፣ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ የተበላውን በቃላቸው ይሞሉታል። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሌላውም ከሰዓት በኋላ እንባ ይሞላዋል። ስለዚህ በር ሥር ተቀምጠው፣ በፀሐይ ብርሃን፣ በቀን ስልሳ ስም ነው የሚችሉት። ስሙን ብቻ ብለው ደግሞ አይተዉም፤ ሰውዬው የጓሳ ድርሻውን በአባቱ ያግኝ በእናቱ፣ የዘሩ አውራ የሆነው የድሮ አባት ማን እንደሆነ፣ ሁሉን ይናገራሉ። እሱም ይጻፋል። ደብረ ብርሃን ሄደን እናስጽፈው ያለ ነበር፤ መኪና ስለሚያዞራቸው አይሳፈሩም። የራሳቸው ጎጆ ያለፈውን ክረምት ያሳለፈው ላስቲክ ተወጥሮበት ነው።

ሁለተኛው ቀን አምስት ጊዜ ጠፋ። ሦስተኛው ቀን ሦስት ጊዜ።

መጀመሪያ ሙቀት ነው ብዬ ኬዙን ከፈትኩ። ማቀዝቀዣው ብረት እንደ ድንጋይ ይበርዳል። መንዝ ውስጥ በጥር ወር የሚሞቅ ነገር የለም፤ እኔ ራሴ የምጽፈው የበግ ጸጉር ባና ከወገቤ እስከ እግሬ ጠቅልዬ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ያለዚያ ጣት አይታዘዝም። ሙቀት ካልሆነ ማስታወሻ ካርዱ፣ ራሙ ነው አልኩ። ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ አሸሁት፣ መልሼ ሰካሁት። ገመዶቹን አጠበቅኩ። ቅዳሜ ጋሽ ወልደ ጻድቅ ስላልመጡ ሲስተሙን ከነጭራሹ ደምስሼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ሙሉ ቀን ፈጀብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። «ስም መጥራት ሥራ አይደለም» ብለው ለራሳቸው ፈርደው ነበር፤ በሰንበትም በበዓልም ይመጡ ነበር። ያን ቀን አንድም ጊዜ አልጠፋም። በማግስቱ የገብርኤል ነበር፤ አልጠፋም።

«ሲስተሙ ነበር» አልኩ ለእናቴ።

«እግዜር ይመስገን በያ» አለች እናቴ ጌታነሽ።

«የጫንኩት እኔ ነኝ።»

ማክሰኞ ጥር ሃያ፣ ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሳንጨርስ ጠፋ።

የዚያን ቀን ማታ የድሮ ተማሪ ቤቴ ድረስ ሄጄ ከሞተ ኮምፒውተር ኃይል የሚሰጠውን ሣጥን፣ ፓወር ሳፕላዩን፣ ለመንኩ። ረቡዕ አስተርዮ ማርያም ነበረች፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቀየርኩትና ጀመርን። ስልሳ ሁለት ስም። እንደ ዓለት ጸና። ፓወር ሳፕላይ ነው አልኩ፤ ለአቶ ተክለጻድቅም ሰው ልኬ «ችግሩ ተገኝቷል» አስባልኩ። ሐሙስ ሰባት ጊዜ ጠፋ። በሰባተኛው ፋይሉን እያስቀመጥኩ ስለነበር ፋይሉም የማስቀምጥበት ፍሎፒ ዲስክም አብረው ተበላሹ። ሰማንያ ስም።

ጋሽ ወልደ ጻድቅ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጡ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው እንደገና ከሰማንያው የመጀመሪያውን ጠሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«በእጅሽም ጻፊው» አለች እናቴ እንዝርቷን እያሾረች። «ወረቀት አይጠፋ።»

«በእጅ የተጻፈ እኮ ነው ያጣላው!»

«ላንቺ መያዣ ነው እንጂ ለማኅተም አልኩሽ?»

አልጻፍኩም። በእጄ ብጽፍ ኮምፒውተሩ አይሠራም ብዬ እንደፈረምኩ ይቆጠርብኛል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ይልቅ ሁለት ፍሎፒ ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ አንዱን ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ አወጣለሁ። ሞኝነቴ ሙሉ አልነበረም።

አርብ ጥር ሃያ ሦስት ራሙን በሌላ ቀየርኩ። የጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ አልጠፋም። ሰኞ ጠፋ። ከዚህ በኋላ ምን እንደቀየርኩ በቅደም ተከተል አላስታውስም፤ ያልነካሁት ነገር አልነበረም። ኬዙን ስነካው አንዳንዴ ጣቴን ቆንጠጥ ያደርገኝ ነበር። የቤታችን ሶኬት የምድር ገመድ የለውም፤ እንዲህ ያለ ቤት ሁሉ ትንሽ ይቆነጥጣል ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ ሃያ ሰባት፣ መድኃኔዓለም፣ ጋሽ ወልደ ጻድቅ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው ተቀመጡና መዝገቡን ሳይከፍቱ «ዛሬ ደህና ነው የምንውለው» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«በዓል ነዋ። ይቺ ነገር በዓል ታከብራለች።»

ሳቅኩ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ ይሄ ቆርቆሮና ሽቦ ነው።»

«እኔ ምን ቸገረኝ። ሰንበት አልጠፋችም። ገብርኤል አልጠፋችም። አስተርዮ፣ ጊዮርጊስ። ቁጠሪ።»

«አጋጣሚ ነው።»

«እሺ» አሉና መዝገቡን ከፈቱ።

ያን ቀን አልጠፋም። ከመሸም በኋላ ቃላቸው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የጠፋበትን ቀንና ሰዓት ሁሉ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ደብተሩን ከግድግዳው የበዓላት ወረቀት ጋር አስተያየሁት። ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ጠፍቷል፤ ሃያ ዘጠኙም በሥራ ቀን። አንድም በበዓል የለም።

አራት ዓመት የተማርኩት ትምህርት እንዲህ ያለውን ነገር አጋጣሚ ማለትን አይፈቅድም። ቆርቆሮና ሽቦ ደግሞ ጾምና በዓል አያውቅም። እንግዲያው በበዓል ቀን የሚቆም፣ በሥራ ቀን የሚነሣ ሌላ ነገር አለ። አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ወፍጮ።

ረቡዕ ሃያ ስምንት ጠዋት አቶ ተክለጻድቅ ራሳቸው መጡ። የመጡበት ሰዓት ክፉ ነበር። አሥራ አንድ ስም ጽፈን ጠፍቶ፣ ሲነሣም ሲስተሙን አላገኘሁትም ብሎ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ያሳያል። በእጄ ያለው ውጪ ያስቀረሁት ፍሎፒ ነው፤ ሦስት መቶ አርባ ስም።

ቆመው አዩት። ኮፍያቸውንም አላወለቁ፣ አልተቀመጡም።

«ጽናት፣ ልጄ፣ አርብ ከሰዓት ማኅተሜን ይዤ እመጣለሁ። ዝርዝሩ ካለ አትማለሁ። ከሌለ ሰኞ ጓሳ አይከፈትም፤ ለምን እንዳልተከፈተም ለሕዝቡ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

«ይደርሳል።»

«መጀመሪያም እንዲሁ ነው ያልሽኝ» አሉና ወጡ።

ባናዬን ወንበሩ ላይ ወርውሬ በቀጥታ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። እትዬ ጥሩሸዋ በር ላይ ቆማ ጆንያ ትመዝናለች፤ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ነው። አምስት ስድስት ሴቶች ገብሳቸውን ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ ወፍጮሽ ኮምፒውተሬን እያጠፋው ነው።»

«ወፍጮዬ ምን አደረገ?»

«ሲነሣ የሰፈሩን ኤሌክትሪክ ይስበዋል። በበዓል ቀን አትፈጪም፣ በበዓል ቀን የኔ አይጠፋም። ጽፌ ይዣለሁ።» ደብተሬን አሳየኋት። «እስከ አርብ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ብትፈጪ...»

እትዬ ጥሩሸዋ ደብተሩን አላየችም። ክንዴን ያዘችና ወደ ውስጥ ጎተተችኝ። «ነይ ግቢ። አሽትቺ። ምን ይሸታል?»

ክንዴን ላስለቅቅ ሞከርኩ።

«ምን ይሸታል? ለነዚህ ሴቶች ንገሪያቸው!»

«ናፍጣ።»

«ናፍጣ! ሞተሬ በናፍጣ ነው የሚዞረው። ከመብራት ኃይል የምወስደው አንዲት አምፖልና ሬዲዮዬን ነው። ሬዲዮዋ ገደለችብኝ በያ!»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «ዩኒቨርሲቲ ናፍጣ አላሸተቷትም» አለች፤ እንደገና ሳቁ። ይቅርታ ጠየቅኩ። እትዬ ጥሩሸዋ «አይ፣ ግዴለም፤ የቸገረው ያገኘውን ይወነጅላል» አለችና ፊቷን ወደ ሚዛኗ መለሰች።

ቤት ስገባ ጋሽ ወልደ ጻድቅ በር ሥር እንደተቀመጡ ነበር፤ አልሄዱም። እናቴ ሱፏን ትፈትላለች። ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም፤ ሳቁ እስከዚህ ድረስ ተሰምቶ ነበር መሰለኝ። ባናዬን ጠቅልዬ ተቀመጥኩና ሲስተሙን እንደገና መጫን ጀመርኩ። እስኪጫን ወረቀት አውጥቼ በበዓልና በሥራ ቀን መካከል ያለውን ልዩነት ሁሉ ጻፍኩ። ወፍጮው፤ ሰረዝኩት። እናቴ በበዓል አትፈትልም። አባቴ በበዓል እርሻ አይሄድም። ጎረቤት አይወቅጥም። እኛ ከቅዳሴ በኋላ ነው የምንጀምረው። ከዚህ ውስጥ ሽቦ ውስጥ የሚገባ አንድም አልነበረም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም መጫኑ አለቀ። ኮምፒውተሩ ተነሣ።

«አንቺ ልጅ» አለች እናቴ፣ «ነገ ባለወልድ ነው። ነጭ ልብስሽን አሁን አውጥተሽ አስጪው። ባናውንም እጠፊልኝ፤ ደግሞ እንደዚያ ቀን ነጠላሽ ላይ ጥቁር ጸጉር እንዳታስለጥፊ።»

ተነሣሁ። ባናውን ከወገቤ ላይ፣ ከፕላስቲክ ወንበሩም ላይ ገፈፍኩት፤ ቆሎ ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ተንጣጣ። ጸጉሬ ጉንጬ ላይ ተለጠፈ። ኮምፒውተሩን ላጠፋው እጄን ወደ ኬዙ ዘረጋሁ። ጣቴ ሳይደርስ መርፌ የመሰለ ነገር ወጋኝ።

ሞኒተሩ ጥቁር ሆነ።

እጄን እንደዘረጋሁ ቆምኩ።

«ደግሞ ጠፋች?» አሉ ጋሽ ወልደ ጻድቅ።

«ቆዩ።» አስነሣሁት። ባናውን እንደገና ጠቀለልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ገፈፍኩ፣ ነካሁ። ጠፋ። አስነሣሁት። እንደገና። ጠፋ። ከዚያ ባናውን ደጅ ወርውሬ ጋቢ ለበስኩና ሃያ ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ሃያ ጊዜ ተነሣሁ፣ ሃያ ጊዜ ነካሁት። እናቴ እንዝርቷን አቁማ ታየኛለች። አልጠፋም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?»

«የማጠፋው እኔ ነኝ። ሱፍና ፕላስቲክ ሲፋተጉ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። ሰውነቴ ላይ ነው የሚጠራቀመው። ፍሎፒ ስሰካ፣ ቁልፍ ስጫን፣ ስነካው እዚያ ይገባል፤ የምድር ገመድ ስለሌለው መውጫ የለውም፣ ስለዚህ ያጠፋዋል። ሌሊት ባና ስትገልጡ የሚንጣጣው፣ በጨለማ የሚታየው ብልጭታ...»

«እሱማ የታወቀ ነው!» አለች እናቴ። «ባና በበጋ ይንጣጣል። ይሄን ለማወቅ ነው አራት ዓመት የተቀመጥሽው?»

«እኔ በዓል ታከብራለች ስል ሳቅሽብኝ» አሉ ጋሽ ወልደ ጻድቅ።

«በዓል የሚያከብረው ኮምፒውተሩ አይደለም። እኛ ነን። በበዓል ጥጥ ነው የምንለብሰው።»

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ?»

ለክርክር ጊዜ አልነበረም። እኔ ሱፉን ባወልቅም የሚገባ የሚወጣው ሁሉ በርኖስና ባና ለባሽ ነው፤ አንድ ሰው ቢነካው ያው ነው። ለኬዙ የምድር ገመድ መሥራት ነበረብኝ፤ ለዚያ ደግሞ መሬት ውስጥ የሚቀበር ብረት ያስፈልጋል። የአባቴ ያረጀ ማረሻ ከጓሮ ወድቆ ነበር። ዶማ አነሣሁ።

«ፀሐይ ሳትገባ ጨርሺ» አለች እናቴ። «በባለወልድ ዋዜማ ማታ አፈር አታስቆፍሪኝም። ነገማ ጭራሽ!»

መሬቱ ደርቆ ዶማውን እየመለሰ አስቸገረኝ። ልብስ የታጠበበት ውኃ የሚደፋበት ጥግ ሄጄ ስቆፍር ግን ሁለት ክንድ ያህል እሺ አለኝ። ማረሻውን ቀበርኩ፣ ከአንገቱ ሽቦ አሰርኩ፣ ሽቦውን በግድግዳው ስንጥቅ አሳልፌ ከኬዙ ብሎን ጋር ጠመዘዝኩት፣ ሁለት ባልዲ ውኃ አፈሰስኩበት። እናቴ በር ላይ ቆማ ፀሐይዋን ትጠብቃለች። የመጨረሻውን አፈር ስመልስ ጠርዟ ብቻ ቀርቶ ነበር።

በባለወልድ ቀን መቶ ሃምሳ ስም ጻፍን። በእርግጥ ይህ ምንም አያረጋግጥም፤ በዓል ነው፣ በበዓል ድሮም አይጠፋም። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ከአቅማቸው በላይ ነበር የጠሩት። ከሰዓት በኋላ እናቴ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ እያቀበለቻቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ቀጠሉ። «ተዉት ይበቃል» ብላቸው፣ «አንቺ ጻፊ» አሉኝ።

ጥር ሠላሳ፣ አርብ። የሥራ ቀን። በሥራ ቀን ጥጥ ለብሶ መንዝ ውስጥ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይሞክረው። እናቴ በር ላይ ቆማ የሚመጣውን ሁሉ በርኖሱን ታስወልቃለች። «ምን ተገኘ? ለቅሶ ነው?» ይላሉ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ በጋቢያቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ፤ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። የኔ ጣቶች ሰማያዊ ሆነው ፊደል ይስታሉ። በየአምስት ስሙ አስቀምጣለሁ። በየአምስት ስሙ ሞኒተሩን አያለሁ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ አልጠፋም። ሦስት ሰዓት አለፈ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ወልደ ጻድቅ የመጨረሻውን ገጽ ጨርሰው መዝገቡን ዘጉ፤ በርኖሳቸውንም ከወንበራቸው ጀርባ አንሥተው ደረቡ። «ጨርሰናል አይደል፤ አሁን ልሙቅ» አሉ።

አቶ ተክለጻድቅ ማኅተማቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ስምንት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሞኒተሩን አዩ። «ስንት ሆነ?»

ቁጥሩን እንዲያወጣ አዘዝኩት። ስድስት መቶ አሥራ ሰባት።

«አሥራ ስምንት ነው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«አንዱን በልቶታላ!» መሐረቡን እንደገና ጠቀለሉት። «የጎደለ ዝርዝር አላትምም። ነገ አንድ ሰው መጥቶ ቤቴ ፈሰሰ ቢል መልሱ የማን ነው?»

ከሠላሳ ጊዜ በላይ የጠፋ ማሽን፣ ፍሎፒ የበላ ማሽን፣ አንድ ስም ቢውጥ ማን ይደነቃል? ጋሽ ወልደ ጻድቅን እንደገና ሁሉን ጥሩ ልላቸው አልችልም፤ ዓይናቸው ተዘግቷል። መዝገቡን ከጭናቸው አነሣሁ። ጽሑፉን ባላነብም መስመር መቁጠር እችላለሁ። ገጽ በገጽ መስመሩን ቆጠርኩ፤ በየገጹ የጻፍኩትን ከሞኒተሩ ላይ ቆጠርኩ። አቶ ተክለጻድቅ ይንጎራደዳሉ። ሠላሳ አራት ገጽ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ልክ ነበር። ሲደመር ስድስት መቶ አሥራ ሰባት።

«ማሽኑ አልበላም» አልኩ። «መዝገቡም ላይ ያለው አሥራ ሰባት ነው። አሥራ ስምንት የተባለው ከየት ነው የመጣው?»

«ባለፈው ያጨደው ሰው ተቆጥሮ ነዋ! አንድ በአንድ፣ በር ላይ።»

«እንግዲያው አንድ ሰው ሳይጻፍ አጭዷል።»

«ሌባ አለ ማለት ነው?» አቶ ተክለጻድቅ ቆሙ። «ማን ነው? ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ ማን ነው ሳይጻፍ ያጨደ?»

ጋሽ ወልደ ጻድቅ ዓይናቸውን ጨፍነው «ከመዝገቡ የቀረ የለም» አሉ።

መዝገቡን ዘጋሁት። የሽፋኑ ቆዳ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። መሐሉ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ እኔም ማንበብ በምችለው ጽሑፍ፣ የያዡ ስም አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ እርስዎ የት ነው ያሉት?»

እጃቸውን ዘርግተው ሽፋኑን ዳበሱ። «እዚህ።»

«ውስጡስ?»

«ጠሪ ራሱን ይጠራል እንዴ?» ተገረሙብኝ። «ያዡ ሽፋን ላይ ነው። ከኔ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ነበሩ። ወልደ ጻድቅን የማያውቅ ማን አለ?»

«ዘበኞቹ» አልኩ።

አቶ ተክለጻድቅ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከሌላ ቀበሌ እንዲመጡ፣ ማንንም እንዳያውቁ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ሰኞ ጠዋት ጋሽ ወልደ ጻድቅ ማጭዳቸውን ይዘው ሲመጡ የጓሳው መግቢያ ላይ የሚቆመው የማያውቃቸው ሰው ነው፤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያያል፣ ሽማግሌውንም ላስቲክ ወደተወጠረበት ጎጆአቸው ይመልሳቸዋል። እኔ ደግሞ ማኅተም ያረፈበት፣ አንድ ፊደል ያልተሳሳተ ዝርዝር አስረክቤያለሁ።

ተቀመጥኩ። ከመጨረሻው ስም በታች ጻፍኩ። ስድስት መቶ አሥራ ስምንት። ወልደ ጻድቅ አወቀ።

«የታለ?» አሉ። «ልየው።»

ማንም ሳያስቆማቸው ከተቀመጡበት ፕላስቲክ ወንበር ተነሡ። በርኖሳቸው ከወንበሩ ሲላቀቅ ተንጣጣ። ስሙን ገና አላስቀመጥኩትም። «ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ አይንኩ...» ስል ለመጠጋት ጎንበስ ብለው እጃቸውን ኬዙ ላይ አሳረፉ።

ጠሽ አለ። ሁላችንም ሰማነው። እሳቸውም እጃቸውን ሰብስበው «ነከሰችኝ» አሉ።

ሞኒተሩ አንዴ ተርገበገበ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከግድግዳው ማዶ ማረሻው እርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ የማስበው እሱን ብቻ ነበር።

ጽሑፉ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ወደ ሞኒተሩ ተጠግተው በእንባ የሞላ ዓይናቸውን አጠበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይታየኝም። አንብቢልኝ።»

«ስድስት መቶ አሥራ ስምንት» አልኩ። «ወልደ ጻድቅ አወቀ።»

«አቤት» አሉ።

አስቀመጥኩት። ከዚያም ማተሚያውን አበራሁ።